«ከዕፅዋት የተሠራ ናኖ» የአፍ መጉመጥመጫ፦ የቱን ልግዛ ላላችሁኝ

አጭሩ መልሴ፦ የብር ናኖ (እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣት) ያለበትን ለየዕለቱ አትልመዱት። ብር ስል ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። የቅርንፉድ፣ የዝንጅብል ወይም የኒም ዝፍዝፍ ከብር ናይትሬት ጋር ይቀላቀላል። በዕፅዋቱ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ብሩን ወደ ደቃቅ ቅንጣት ይለውጡታል፤ ፈሳሹም ቡናማ ይሆናል። ቅንጣቱ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ሥራውን ሠርቷል፤ አፋችሁ የሚገባው ግን ብርም ነው። ጠርሙሱ ላይ የሚሳለው ቅጠሉ ብቻ መሆኑ ያናድደኛል።

«ደኅንነቱ ተፈትኗል» ሲሏችሁ «በምን?» በሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ አርቴሚያ ነው፤ በጨው ውኃ የምትኖር ሚጢጢ ሽሪምፕ። እጮቿን በተለያየ መጠን የተበጠበጠ ፈሳሽ ውስጥ ይጨምሩና ከ24 ሰዓት በኋላ የሞተውን ይቆጥራሉ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለመጀመሪያ ማጣሪያ አይከፋም። ግን ሽሪምፕ ድድ የላትም! እሷ ስለተረፈች እኔ ጠዋት ማታ ልጉመጥመጠው?

የዜብራፊሽ ፈተና ሻል ይላል። የዓሣው ሽል ብርሃን ስለሚያሳልፍ ልቡ ሲመታ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እስከ 96 ሰዓት ይከታተሉታል።

እኔ ቀድሜ የምፈልገው በሰው ድድ ሴል ላይ የተሠራውን ነው። ኤምቲቲ በሚባለው ዘዴ፣ በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ውሁድ ሐምራዊ ያደርገዋል። አይኤስኦ 10993-5 በተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና መሣሪያዎች መመዘኛ መሠረት የሴሎቹ ሕያውነት ከ70% በታች ከወረደ ፈሳሹ ለሴል መርዛማ ነው ይባላል። እዚህ ጋ ግን አትቸኩሉ። ሐኪሞች የሚያዙት ጀርም ገዳይ መጉመጥመጫ፣ ክሎርሄክሲዲን፣ ራሱ በላብራቶሪ ሳህን ላይ የድድ ሴል ይገድላል። አፍ ውስጥ ግን የሚቆየው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ነው፤ ምራቅም ያቀጥነዋል። ስለዚህ ሴሉ ፈሳሹ ውስጥ 30 ሰከንድ ቆየ ወይስ 24 ሰዓት? ይህን የማይነግር ውጤት ብዙም አይጠቅማችሁም።

ለዓመታት ቢጠቀሙበት ምን ይሆናል የሚለውን ደግሞ ከሦስቱ ፈተናዎች አንዱም አይመልስም። ብር ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም ቆዳን ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለውጣል፤ አርጂሪያ ይባላል፣ አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረት የአፍ መጉመጥመጫን ከመዋቢያ ምርቶች ይመድባል። በናኖ መልክ ያለ ኮሎይዳል ብርን ከእነዚህ ምርቶች ያገደው በአውሮፓውያኑ 2024 ባወጣው ደንብ ነው።

ታዲያ ምን ልጠቁም? ድዱ ለታመመ ወይም ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ ሐኪም ካዘዘ ክሎርሄክሲዲን 0.12% ወይም 0.2%። ለሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ይበቃል፤ ከቆየ ጥርስ ያጠቁራል፣ ጣዕምም ያጠፋል። የየዕለት ምርጫዬ ታይሞል፣ ዩካሊፕቶልና ሜንቶል ያለበት ነው፤ ያለ ናኖም ከዕፅዋት የሚገኙ ናቸው፣ ለረጅም ጊዜም ተጠንተዋል። አልኮል የሌለውን ፈልጉ፤ ሊስተሪን የሚባለው መጉመጥመጫ ኦሪጅናል ዓይነቱ 26.9% አልኮል አለው፣ አፍ ያቃጥላል። ለጊዜያዊ ቁስል ለብ ያለ የጨው ውኃም ይበቃል።

ዕድሜው ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አንዱንም አልጠቁምም፤ ይውጠዋል።