«ጋሻ ጃግሬ» ክብር ነው ስድብ?

ጥያቄ፦ አያቴ ስለ አባታቸው ሲያወሩ «የደጃዝማቹ ጋሻ ጃግሬ ነበሩ» ይላሉ፣ ያውም በኩራት። ዜና ላይ ደግሞ «እሱና ጋሻ ጃግሬዎቹ» ሲባል ደስ አይልም። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱንም ያዝ። አያትህ የድሮውን ትርጉም ነው የነገሩህ። ጃግሬ የጌታውን የጦር መሣሪያ ይዞ የሚከተል አሽከር ነው። ጋሻ የሚይዘው ጋሻ ጃግሬ ይባላል።

ለምን እንደሚያኮራ የሚገባህ ጋሻውን ስታየው ነው። የተራው ወታደር ጋሻ ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከከብት ቆዳ ይሠራል። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ቅርጽ ይወጣለታል። ሲደርቅ ድርቅ ያለ ክብ ነገር ይሆናል፤ መሃሉ ወደ ፊት ጎበጥ ይላል፣ ከጀርባው የቆዳ እጀታ አለው። የመኳንንቱ ጋሻ ፊቱ ከፈይ ይለብሳል። በከፈዩ ላይ ስስ የብር ዝርግ እየተቆረጠ ይለበጥበታል፤ ወርቅ የተቀባም አለ። አንዳንዱ ላይ የአንበሳ ጎፈር ይንጠለጠላል። ነገሥታቱ ለጀግና ይሸልሙ የነበረው እንዲህ ያለውን ነው። (በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት ጋሻዎች አንዱ በ2016 እንግሊዝ አገር ሊሸጥ ሲል ከጨረታ ወጥቷል። በጣም ነው ደስ ያለኝ።)

እንግዲህ ይህን የተሸከመው ሰው የጌታውን ክብር ይዞ ነው የሚሄደው። ጦርነት ላይም ከጎኑ አይለይም። የማይታመን ሰው ለዚህ አይመረጥም።

እኔ እንደሚመስለኝ ቃሉን ያበላሸው የጠመንጃ መብዛት ነው። ጋሻው ለበዓልና ለሰልፍ ብቻ ቀረ። ሥራው ሲጠፋ ከቃሉ ውስጥ «ተከትሎ የሚሄድ» የሚለው ብቻ ተረፈ፤ እሱም ያለ ጥያቄ የሚታዘዝ ወደሚለው ዞረ። ስለዚህ ዛሬ ታማኝ ረዳትህን «ጋሻ ጃግሬዬ» ብለህ አታመስግን፣ ይቀየምሃል። «ጋሻ መከታዬ» በለው። ይህኛው ክብሩ አልተነካም።

ሌላ አባል፦ «አንድ ጋሻ መሬት» የሚባለውስ?

መልስ፦ እሱ ስፍር ነው፣ 40 ሄክታር ገደማ። መሬት በቃላድ (በመለኪያ ገመድ) እየተለካ ለወታደርና ለባለሥልጣን ይሰጥ በነበረበት ዘመን የተለመደ አጠራር ነው። በ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ባለ ጋሻ መሬት የሚባል ሰው ቀረ። ሽማግሌዎች ግን ዛሬም ስለ ሰፊ መሬት ሲያወሩ በጋሻ ነው የሚቆጥሩት።