ለቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ ቫኪዩም ክሊነር የትኛው ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከመደበኛ ሥራዬ መልስ፣ ከመኖሪያ ቤታችን ጋር በተያያዘች ሦስት በአራት ሜትር በሆነች ክፍል ውስጥ ቁም ሳጥንና መደርደሪያ እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ በኤምዲኤፍና በቺፑድ (የእንጨት ብናኝና ስብርባሪ በማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ሲሆን፣ የምጠቀመውም የእጅ ሰርኩላር መጋዝና የኤሌክትሪክ ማለስለሻ ነው። እስካሁን ሰጋቱራውን በመጥረጊያ ስሰበስብ ቆይቻለሁ፤ ደቃቁ ብናኝ ግን በበሩ ሥር አልፎ ሳሎን ድረስ ይገባል፣ ትንሿ ልጄም ማታ ማታ ታስላለች። ባለፈው ዓመት የምንጣፍ ቫኪዩም ብሞክር ሁለት ወር እንኳ ሳያገለግለኝ ተቃጠለ። አሁን የያዝኩት 15 ሺህ ብር ነው። ሱቅ ውስጥ ባለ 1400 እና ባለ 2400 ዋት ማሽኖች አሳይተውኛል። ዋቱ ከፍ ያለውን ልግዛ ወይስ ሌላ ማየት ያለብኝ ነገር አለ?

ምላሽ 1

የምተዳደረው በሞተር ጥገና ስለሆነ በዚያ በኩል ያለውን ልንገርዎ። ዋት ማሽኑ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚስበውን አየር አይናገርም። የምንጣፍ ቫኪዩም ሞተር የሚቀዘቅዘው በዚያው በሚስበው አየር ስለሆነ፣ ማጣሪያው በኤምዲኤፍ ብናኝ ሲደፈን የሚያቀዘቅዘው አየር ያጣና ይቃጠላል። እንዲህ ያለውን ስፈታ ብናኙ በማራገቢያው ክንፎች ላይ እንደ ሊጥ ተጋግሮ፣ ለሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦኑም አልቆ ጫፉ ብቻ ቀርቶ አገኘዋለሁ። ደረቅና እርጥብ የሚስቡት ባለ በርሜል ማሽኖች ግን አብዛኞቹ ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት ከሚስቡት አየር በተለየ አየር ነው፤ ስለዚህ ከእነሱ ወገን ይግዙ፣ 1400 ዋቱም ይበቃዎታል። መጋዝዎ 1200 ዋት ቢሆን ሁለቱ አብረው ሲሠሩ በ220 ቮልት ወደ 12 አምፔር ይወስዳሉ፤ ባለ 10 አምፔር ዲቫይደር ላይ አንድ ላይ እንዳይሰኳቸው አደራ።

ምላሽ 2

የቀደመው መልስ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከሞተሩ ይልቅ ማጣሪያው ላይ ገንዘብዎን ያውጡ እላለሁ። ከእነዚህ ማሽኖች ጋር የሚመጣው ስፖንጅ ውሃ ለመሳብ የተዘጋጀ ነው። በእሱ ደረቅ ብናኝ ቢስቡ፣ ትልልቁ ሰጋቱራ በርሜሉ ውስጥ ይቀርና ለሳንባ የሚከፋው ደቃቁ በማሽኑ ጀርባ ተመልሶ ክፍሉን ይሞላዋል። ማታ መብራት አጥፍተው ባትሪ ወደ አየር መውጫው ቢያበሩ በዓይንዎ ያዩታል። ስለዚህ የወረቀት ከረጢትና የታጠፈ ማጣሪያ የሚቀበል፣ መለዋወጫውም በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ከሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ ለባልዲ ክዳን የሚገጠም፣ የቀንድ ቅርጽ ያለው የሳይክሎን መለያ ይግዙ። አየሩ በውስጡ እየተሽከረከረ ሲያልፍ አብዛኛው ብናኝ ባልዲው ውስጥ ወድቆ ይቀራል፤ ማጣሪያው በየቀኑ ከመራገፍ ይድናል። የእኔ ባልዲ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ነው። የመጀመሪያው ስስ ስለነበር፣ የመሳቢያው ጎማ በቁራጭ እንጨት በተዘጋ ጊዜ ወደ ውስጥ ተጨራምቶ ተሰነጠቀ፤ ወፍራም ፕላስቲክ ይምረጡ፣ የክዳኑንም ዙሪያ በሲሊኮን ይዝጉ። ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ከቀረ ብናኙ ባልዲው ውስጥ መውደቁን ይተውና ወደ ማሽኑ ያልፋል።

ምላሽ 3

ልጅዎ ታስላለች ስላሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት የመጀመሪያ ምድብ ነገሮች ውስጥ መድቦታል፤ ኤምዲኤፍ ደግሞ ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጎጂ ኬሚካል ያለበት ማጣበቂያም አለው። ማንኛውም ቫኪዩም ብናኙን ሙሉ በሙሉ አይዘውም፤ ማለስለሱን በተቻለ መጠን ግቢ ውስጥ ያድርጉት፣ ማስክዎንም ሥራው እንዳለቀ ወዲያው አያውልቁ፤ የማይታየው ብናኝ ከሥራው በኋላም ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል። ልጅቷን ግን ማሽኑን ሳይጠብቁ ለሐኪም ያሳዩዋት። በግራይንደር ብረት የሚቆርጡ ከሆነም ፍንጣሪው ሰጋቱራ ወዳለበት በርሜል እንዳይገባ፤ ሳይታይ ሲጤስ ቆይቶ ሌሊት እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 2400 ዋቱን ትቼ ከረጢት የሚቀበለውን ባለ 20 ሊትር፣ 1400 ዋት ማሽን ለመግዛት ወስኛለሁ። ልጄን ቅዳሜ ጠዋት ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ከዚያ ልላክልህ ብላኝ ነበር፤ የዚያ አገር ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ስለሆነ ይቅር አልኳት። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሱቅ ውስጥ እያለሁ መሳቡን በምን ልፈትን?

ምላሽ 1

አስነስተው የጎማውን አፍ በመዳፍዎ ይዝጉት። መዳፍዎን አጥብቆ መያዝ፣ የሞተሩም ድምፅ መቅጠን አለበት። ድምፁ ካልተለወጠ በአንድ በኩል አየር ያስገባልና የክዳኑን ጎማና መቆለፊያዎቹን ይፈትሹ፤ እነሱ ደኅና ከሆኑና አሁንም ካልተለወጠ ሌላ ያስወጡልዎ።