በዳካር አለታማ ባሕር ሰርፊንግ፦ ትንበያው ምን ማለት ነው?

ጥያቄ (ሐይቅ ከተማ)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሐይቅ ዳር ስላደግሁ ዋና ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ውሃው ሲናወጥም አልፈራም። በጥር ወር ለሥልጠና ወደ ሴኔጋል፣ ዳካር ስለምሄድ፣ አብረውኝ የሚሠለጥኑት ሰዎች በእረፍት ቀናቸው ንጎር ደሴት አጠገብ ካለው፣ ከሥሩ አለት ከሆነው ቦታ ሰርፊንግ (በሰሌዳ ላይ ቆሞ ሞገድ መጋለብ) እንድንወጣ ጋብዘውኛል። ለናሙና የላኩልኝ የሞገድ ትንበያ «1.2 ሜትር፣ 14 ሰከንድ» ይላል። ሜትሩ ብዙም አላስፈራኝም፤ ሰከንዱ ግን ምን እንደሚለካ አልገባኝም። ለመግባት ወይም ለመተው ምኑን ልመልከት? እስከዚያስ በሐይቃችን ብለማመድ ይጠቅመኛል?

መልስ (ደሴ፣ የፊዚክስ መምህር)
ወንድሜ፣ ያላስፈራህ ሜትር፣ ማለትም የሞገዱ ቁመት፣ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሰከንዱ አንድ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። የሐይቃችን ስፋት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ነፋሱ ሞገዱን ለማሳደግ በቂ ርቀት አያገኝም፤ ስለዚህ በየ2 እና 3 ሰከንዱ የሚመታህ አጭር ሞገድ ነው። በጥር ወደ ዳካር የሚመጣው ግን በሰሜን አትላንቲክ ማዕበል የተወለደና በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተጓዘ ነው። በጥልቅ ውሃ የሞገድ ርዝመት የሚገኘው ሰከንዱን በራሱ አባዝቶ ውጤቱን እንደገና በ1.56 በማባዛት ስለሆነ፣ የ7 ሰከንዱ 76 ሜትር ሲሆን የ14 ሰከንዱ ከ300 ሜትር ያልፋል። ቁመታቸው እኩል ቢሆንም እንኳ ባለ14 ሰከንዱ የሚያደርሰው ኃይል የሌላውን እጥፍ ነው።

እንዲህ ያለው ረጅም ሞገድ ከርዝመቱ በግማሽ በሚያንስ ጥልቀት ወለሉ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይቀንስና ቁመቱ ይጨምራል፣ በትንበያው 1.2 ሜትር የተባለውም ዳር ሲደርስ 2 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት የቁመቱን 1.3 እጥፍ ያህል ሲሆን ነው። አሸዋ ላይ ጥልቀቱ ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ ሞገዱ እየተንከባለለ ያልቃል፤ አለት ላይ ግን በአንድ ጊዜ ስለሚቀንስ፣ በቅሎ ድንገት ስትቆም ጋላቢው ወደ ፊት እንደሚወረወር፣ ጫፉ ተወርውሮ ይወድቃል። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የሰርፊንግ ውድድር የተካሄደበት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በታሂቲ ደሴት የሚገኘው ቴአሁፖኦ የዚህ ዓይነት ቦታ ነው።

መልስ (ኮምቦልቻ፣ ደቡብ አፍሪካ ደርባን የኖረ)
መምህሩ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ በተግባር የሚታየውን ልጨምር። በመጀመሪያ ግን በግልጽ ልንገርህ፦ ዋና ማወቅና ሰርፍ ማወቅ ስለሚለያዩ ንጎር ለጀማሪ ቦታ አይደለም። እዚያው ዳካር ዮፍ የሚባል አሸዋማ ዳርቻ ስላለ፣ ሰሌዳው ላይ መቆምና ወደ ጎን መዞር እስክትችል ድረስ እዚያ ተማር።

አለቱ ጋ የምትገባበት ቀን ሲደርስ፣ ልብስህን ከመቀየርህ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዳር ቆመህ ተመልከት። ትልልቆቹ ሞገዶች በቡድን እየመጡ በመካከሉ ውሃው ጸጥ ስለሚል፣ ጸጥታውን አይቶ የሚገባ ሰው ይታለላል። ሞገድ የማይሰበርበትን፣ ጠቆር ብሎ የሚታየውን መተላለፊያ ለይ፤ መግቢያህም መውጫህም እሱ ነው። ቀጥሎ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ጠይቅ። በዳካር ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ አለቱ ላይ ካለው ጥቂት ውሃ አንድ ሜትር ሲቀነስ ምን እንደሚቀር አስበው። ነፋስን በተመለከተ፣ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ሞገዱን ቀጥ አድርጎ ያስተካክለዋል፣ ከባሕር የሚመጣው ያፈራርሰዋል፤ ስለዚህ ነፋሱ ሳይበረታ በጠዋት መግባት ይሻላል።

ስትወድቅ በጭንቅላትህ አትጥለቅ፤ በጀርባህ ወይም በጎንህ ተዘርግተህ ውደቅ፣ ወደ ላይ ስትወጣም ጭንቅላትህን በክንድህ ሸፍን። እግርህን ሰድደህ መሬት አትፈልግ። በአለቱ ስንጥቅ የተወሸቀ የባሕር ጃርት (ሰውነቱ በእሾህ የተሸፈነ ትንሽ የባሕር እንስሳ) የሚወጋው እንዲህ ያደረገውን ነው።

መልስ (ወልድያ፣ ነርስ)
ስለ ባሕር ጃርት፦ እሾሁ ተሰባሪ ስለሆነ በመርፌ አትቆፍረው። የሚታየውን በወረንጦ ቀስ ብለህ ሳብ፤ እግርህን በማያቃጥል ሙቅ ውሃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብትነክረው ሕመሙ ይቀልልሃል። መገጣጠሚያ አጠገብ ከገባ ወይም ካበጠ ግን ሐኪም ይየው። አለት የቧጨረውን ቁስል በንጹሕ ውሃና በሳሙና በደንብ እጠበው። የቴታነስ ክትባትህንም ከመሄድህ በፊት አረጋግጥ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዮፍን አስቀድማለሁ። ጫማ ያስፈልገኛል? ስለ ሐይቃችንስ ምን ትላላችሁ?

መልስ (ኮምቦልቻ)
ሰርፈኞች የሚያደርጉትን ስስ የጎማ ጫማ እዚያው ተከራይ። ውሃው በጥርና በየካቲት ወደ 20 ዲግሪ ስለሚወርድ የጎማ ልብስም ያስፈልግሃል፤ ሰሌዳውን ከቁርጭምጭሚትህ የሚያያይዘውን ገመድ ደግሞ ሳትፈትሽ አትግባ። ሐይቃችን ሞገድ ማንበብ ባያስተምርህም ክንድና ትከሻህን ያጠነክርልሃል፦ ጭንቅላትህን ከውሃ በላይ ይዘህ ረጅም ርቀት ዋኝ፤ ሰሌዳ ላይ በደረትህ ተኝተህ ስትቀዝፍ አንገትህ የሚቆየው በዚያ ሁኔታ ነው። ትንፋሽ የመያዝ ልምምድ ካሰብህ ግን ጥልቅ ከሆነው ክፍል ርቀህ፣ ዓይኑን ከአንተ የማያነሣ ዋናተኛ ጓደኛ አጠገብህ ባለበት ብቻ አድርገው።