የልገሳ የትምህርት ቁሳቁስ በሁለት ጭነት ቢላክ አንድ የቀረጥ ነፃ ደብዳቤ ይበቃል?

ጤና ይስጥልኝ። ውጭ አገር ላለ ትምህርት ቤት የሚላክ ልገሳ ላይ ተጣብቄያለሁ፤ በዚህ ያለፋችሁ እርዱኝ።

ጭነቱ 400 ደብተር (አንዱ 100 ግራም ገደማ፣ በድምሩ 40 ኪሎ)፣ 600 እስክሪብቶና 60 ባዶ ቦርሳ ነው። ደብተር የሚከፈልበት በሚዛን ክብደቱ ነው። ቦርሳ ግን ቦታ ይበላል፤ 60 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን በአየር ጭነት ሦስቱ ልኬቶች ተባዝተው ለ6000 ተካፍለው 16 ኪሎ ይታሰባል፣ ሚዛን ላይ 7 ቢመዝንም። ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ መክተት ይህን ያቃልላል፤ ግን ፈታሹ ቦርሳ ሁሉ ሲከፍት የዕቃ ዝርዝሩ ይምታታል።

ስለዚህ ደብተሩን በመርከብ፣ የቀረውን በአውሮፕላን ለመላክ አሰብኩ። ችግሩ፣ ተቀባዩ ያገኘው የቀረጥ ነፃ ደብዳቤ አንድ ነው፤ እሱም «የትምህርት ቁሳቁስ» ብሎ በጅምላ ያልፋል። በደብዳቤው፣ በኢንቮይሱና በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ የተቀባዩ ስም ትንሽ ከተለያየ ደግሞ ዕቃው መጋዘን ተቀምጦ ኪራይ ይቆጥራል። (ስጦታ ነው ብሎ ዋጋውን ዜሮ መጻፍም አያዋጣም፤ ጉምሩክ የራሱን ግምት ያስቀምጥበታል።)

የየአገሩ ሕግ እንደሚለያይ አውቃለሁ። ግን ደብዳቤው በመጀመሪያው ጭነት ተሰርዞ ሁለተኛው ቀረጥ የተጠየቀበት አለ? ወይስ ብዛቱንና የታሪፍ ቁጥሩን (ጉምሩክ ዕቃን የሚመድብበት ቁጥር፦ ደብተር 4820፣ እስክሪብቶ 9608፣ ቦርሳ 4202) ጠቅሶ ለየጭነቱ አዲስ ደብዳቤ እንዲጻፍ ላስጠይቅ? ደብተሩን ትቶ ገንዘቡን ልኮ እዚያው ማስገዛት ይሻላል የምትሉም ካላችሁ፣ ደረሰኙን እንዴት እንደምትቆጣጠሩ ጨምራችሁ ንገሩኝ።