ዱም ኢተርናል፦ ጥይት ሁልጊዜ ያልቅብኛል፣ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የማታ_ተጫዋች፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ2016ቱን ተኳሽ ጌም ዱምን ጨርሼዋለሁ፣ በጣምም ወድጄዋለሁ። ተከታዩን ዱም ኢተርናልን የጀመርኩት ያንኑ ስሜት ፈልጌ ነው። አሁን ከልቲስት ቤዝ ላይ ደርሻለሁ፣ ሦስተኛው ሚሽን ማለት ነው፣ እና እየደከመኝ ነው። ጥይት አይበረክትልኝም። አንድ መሣሪያ ወድጄ ስይዝ ገና ሁለት አጋንንት ሳልጥል ባዶ ይሆናል። ከዚያ ሌላ እይዛለሁ፣ እሱም ያልቃል። በዚህ መሀል ከኋላ ይመቱኛል፣ ከላይ ይተፉብኛል፣ መሬቱም ይነድዳል።

ፍጥነቱን ወድጄዋለሁ። ሲያዩትም ያምራል። ግን በ2016ቱ አዳኙ እኔ ነበርኩ፣ እዚህ ደግሞ ታዳኝ የሆንኩ ይመስለኛል። ጨርሳችሁ ያያችሁት ሰዎች፣ ጠንካራ ጎኑ ምንድን ነው፣ ደካማውስ? ሳታለባብሱ ንገሩኝ። ወደፊት እየተሻለ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው?

ቀይ_ጥይት፦

ወንድሜ አትተወው! ጥይቱ የሚያልቅብህ ጌሙ እንዲያልቅብህ ስለፈለገ ነው። ይሄ ነገር አንዴ ከገባህ ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

የ2016ቱን አስታውስ። ሽጉጡ ጥይት አያልቅበትም ነበር። ሱፐር ሾትገኑን ካገኘህ በኋላ ደግሞ ሌላ ሳትነካ ብዙውን ጌም በእሱ መግፋት ትችል ነበር። ብዙ ሰው ያደረገውም ይህንኑ ነው፣ ለዚህ ነው ወደ መጨረሻው ውጊያው ሁሉ አንድ ዓይነት እየሆነ የመጣው። ኢተርናል ላይ ያ ሽጉጥ ጭራሽ የለም። የምትሸከመው ጥይትም ትንሽ ነው። አንድ መሣሪያ ላይ ተቸክለህ እንዳትቀር አውቀው ነው ያጠበቡት።

የሚያስፈልጉህ ጤና፣ አርመር (ምት የሚከላከልልህ) እና ጥይት ናቸው። ሦስቱም የሚገኙት ከጠላትህ ሰውነት ነው። ጤና ሲጎድል አንዱን አድክመህ ቀርበህ በእጅህ በምትገድልበት ግሎሪ ኪል ትጨርሰዋለህ፣ ጤና ይረግፍልሃል። አርመር ሲጎድል ትከሻህ ላይ ባለው እሳት መትፊያ ትለኩሳቸዋለህ፣ እየነደዱ ስትመታቸው አርመር ይጥላሉ። ጥይት ሲጎድል መጋዙ አለ። መጋዙ በነዳጅ ነው የሚሠራው፣ ግን የመጨረሻዋ አንድ ነዳጅ ጊዜ ጠብቃ ራሷ ትሞላለች፣ እንደ ዞምቢና ኢምፕ ያሉትን ትናንሾቹን ለመሰንጠቅ ደግሞ አንዷ ትበቃለች። ስለዚህ ትናንሾቹን እንደ ጠላት አትያቸው፣ ስንቅህ ናቸው። ትልልቆቹ እስካልሞቱ ድረስ እየተተኩ ይመጣሉ፣ ሁሉንም ልጨርስ ብለህ አትሯሯጥባቸው።

አንተ ምናልባት መጋዙን የምታወጣው ሁሉም መሣሪያ ባዶ ሲሆን ነው። ቀደም ብለህ አውጣው። ጥይት ሊያልቅ ነው ብለህ ሳይሆን ነዳጁ ሞልቷል ብለህ ተጠቀምበት። እሳቱንም እንደዚያው፣ በተዘጋጀ ቁጥር ልቀቀው፣ ቆጥበህ የምታተርፈው ነገር የለም።

ከዚያ የጠላቶቹን ደካማ ቦታ መልመድ ነው። ካኮዲመን አፉን ሲከፍት ቦምብ ታጎርሰዋለህ፣ ይደነዝዛል፣ ወዲያው በግሎሪ ኪል ትጨርሰዋለህ። አራክኖትሮን ላዩ ላይ ያለችውን መድፍ ከሰበርክበት ከሩቅ የሚያስፈራ ነገር አይኖረውም። ሬቨናንት ከትከሻው ሮኬቶቹን፣ ማንኩበስ ከክንዱ መድፎቹን ትነጥቃለህ። የትኛውን ልስበር፣ ከየትኛው ልሽሽ፣ የቱን ላትርፍ እያልክ በአየር ላይ እየተንሳፈፍክ ስትወስን፣ እንዲህ የሚያስብ ተኳሽ ጌም ሌላ አላውቅም! ደግሞ አሁን ባለህበት ሚሽን ላይ ነው ሱፐር ሾትገኑ የሚገኘው፣ ከመንጠቆው ጋር። መንጠቆው ጠላት ላይ ይሰካና አንተን ወደ እሱ ይጎትትሃል። እሱን ሳትይዝ ጌሙን ብትተወው በጣም ነው የማዝነው።

ሰማያዊ_በር፦

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፣ እኔም ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ግን ጠያቂው የተሰማው ነገር ባዶ ስሜት አይደለም። ኢተርናል በራሱ መንገድ ካልተጫወትክ ይቀጣል። በ2016ቱ እንደ ፀባይህ ትጫወት ነበር። እዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል። ካኮዲመን ከመጣ ቦምብ፣ በፕላዝማ ጋሻ የተሸፈነ ከመጣ ፕላዝማ ራይፍል። ይህንን ጌሙ ራሱ ውጊያውን አቁሞ በትልቅ ጽሑፍ ይነግርሃል። አዲስ ጠላት በታየ ቁጥር! ራሴ ሞክሬ የማገኘውን ነገር ለምን ይነጥቀኛል? ማግኘቱ እኮ ነው ደስታው።

ሁለተኛ፣ ዝላዩ። በውጊያዎቹ መሀል ግድግዳ ላይ መንጠላጠል፣ ዘንግ ይዞ መወንጨፍ፣ ገደል መሻገር አለ። አንዳንዱ ጥሩ እረፍት ነው። ብዙው ግን ውጊያው ውስጥ የገባህበትን ሙቀት ያበርደዋል። ሐምራዊው አተላ ደግሞ ለምን እንደገባ እስከ ዛሬ አይገባኝም። እዚያ ውስጥ ስትገባ መዝለል የለም፣ መስፈንጠር የለም፣ እግርህ ይጎተታል። ጌሙ ሙሉ በሙሉ የቆመው በእንቅስቃሴ ላይ ነው፣ ታዲያ እንቅስቃሴን የሚነጥቅ ነገር ምን ሊጨምርለት ነው?

ሦስተኛው ማሮደር የሚባለው ጠላት ነው። የማታ_ተጫዋች ገና አላገኘኸውም፣ አርክ ኮምፕሌክስ የሚባለው ሚሽን መጨረሻ ላይ ይጠብቅሃል። ከፊት ስትተኩስበት በጋሻው ይመልሰዋል፣ ሁሉን ጠራጊ የሚባለውን ቢኤፍጂን እንኳ። ከቀረብክ በሾትገን ይመታሃል፣ ከራቅክ የመጥረቢያውን እሳት ይወረውርብሃል። መካከለኛ ርቀት ላይ ቆመህ ዓይኑ አረንጓዴ እስኪያበራ መጠበቅ አለብህ። መጠበቅ! ከመጀመሪያው ሚሽን ጀምሮ አትቁም፣ ሩጥ፣ አጥቃ ሲልህ የነበረ ጌም ድንገት ተራህን ጠብቅ ይልሃል።

መንጠቆ፦

እህቴ፣ ስለ አተላው ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። ዝላዩ ላይም ብዙ አልከራከርም። ማሮደር ላይ ግን ትንሽ ላቁምሽ።

ማሮደር ብቻውን ሲመጣ ከጌሙ ምርጥ ፍልሚያዎች አንዱ ነው። ዓይኑ አረንጓዴ ሲያበራ ባሊስታ በሚባለው መሣሪያ ትመቺዋለሽ፣ ይንገዳገዳል፣ ወዲያው ወደ ሱፐር ሾትገን ትቀይሪያለሽ፣ ትደግሚዋለሽ፣ ጊዜ ካለ ተመልሰሽ በባሊስታ። መሣሪያ ስትቀይሪ የመጀመሪያው እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ጌሙ ሙሉ ምስጢሩ እዚያ ላይ ነው። ልክ መኪና ላይ ማርሽ እንደ መቀየር ነው፣ እጅሽ አንዴ ከለመደው ሳታስቢ ይሄዳል። ይህንን ከማሮደር በላይ የሚያስተምር የለም፣ ምክንያቱም የምትመቺበት ቅጽበት አጭር ነው፣ አንድ መሣሪያ ብቻ ከተጠቀምሽ ፍልሚያው ይረዝማል፣ መቀያየሩን ከቻልሽ ግን ቶሎ ያልቃል።

እኔን የሚያናድደኝ ከሌሎች ጋር ቀላቅለው ሲያመጡት ነው። ዙሪያሽን ሌሎቹ እየተኮሱ እሱን ፊት ለፊት እያዩ መቆም አይቻልም፣ ጀርባ ከሰጡት ደግሞ ያባርራል። ያኔ ያንቺ ቅሬታ ልክ ይሆናል። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ጠላቱ ላይ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው ባይ ነኝ። ዘ ኤንሸንት ጎድስ የሚባለው ተጨማሪ ክፍል ላይ ይህ ነገር ይብሳል። በተለይ በጥቅምት ወር 2020 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል በጣም ከባድ ነው። መንፈስ የሚባል ጠላት ጨምረዋል፣ ሌላው ጋኔን ውስጥ ገብቶ ያጠነክረዋል። ተሸካሚው ሲሞት መንፈሱ ይወጣል፣ ያኔ በፕላዝማ ራይፍሉ ማይክሮዌቭ ጨረር ብቻ ነው የሚገደለው። አንድ ቁልፍ፣ አንድ መልስ። ሰማያዊ_በር የምትለው ችግር እዚያ ላይ ነው በግልጽ የሚታየው።

አንድ ማንም ያላነሳው ጠንካራ ጎን ልጨምር። አሠራሩ። ይህ ሁሉ እሳት፣ ደምና ፍንዳታ ስክሪኑን ሞልቶ ጌሙ አይንገዳገድም። ሠሪው አይዲ ሶፍትዌር አይዲ ቴክ 7 የሚለው ኤንጂኑ ላይ ነው የሠራው፣ ፒሲ ላይ ደግሞ ቩልካን በሚባለው የግራፊክስ ሥርዓት ብቻ ነው የሚሄደው። መካከለኛ ማሽን ላይ እንኳ ሲሮጥ ታያለህ። ፍጥነት የሚጠይቅ ጌም እየተቆራረጠ ቢሄድ ዋጋ የለውም ነበር፣ ይህን ስላወቁበት ሊመሰገኑ ይገባል።

ከበሮ_ና_ጊታር፦

ሙዚቃውን ሳታነሱት አለፋችሁ? ሚክ ጎርደን የሠራው ነው። የ2016ቱ ሥራው በዚያው ዓመት ዘ ጌም አዋርድስ ላይ በሙዚቃና በድምፅ ዘርፍ ሽልማት አስገኝቷል። ለኢተርናል ደግሞ የሜታል ዘፋኞችን ሰብስበው ኅብረ ዝማሬ አስቀድተዋል። ዋናው ነገር ግን ሙዚቃው ከውጊያው ጋር መሄዱ ነው። አካባቢውን ስትፈትሽ ዝቅ ይላል፣ ጠላት ሲወርድ ይነሣል፣ ውጊያው ሲግል ጊታሩ ይፈነዳል። ጆሮህ ራሱ አሁን አጥቃ ይልሃል።

የሚያሳዝነው በ2020 ሙዚቃው ለብቻው ሲወጣ ብዙዎቹ ትራኮች በጎርደን እጅ የተደባለቁ አልነበሩም። አድማጩ ወዲያው ለየው። ድምፁ ታፍኗል፣ ከበሮው ተጨፍልቋል። ከዚያ ነገሩ በእሱና በስቱዲዮው መካከል የአደባባይ ክርክር ሆነ፣ ተጨማሪ ክፍሎቹን ሌሎች ሙዚቀኞች ሠሩት። እነሱም ጥሩ ሠርተዋል። ግን ያ ጥምረት መፍረሱ ለጌሙም ለእኛም ትልቅ ጉዳት ነው።

ታሪኩን በተመለከተ፣ ደካማ ነው እላለሁ። የ2016ቱ ስለ ታሪኩ ዝም ማለትን ያውቅ ነበር። የምትጫወትበት ሰውዬ ማብራሪያ ሊሰጡት ሲሉ ስክሪኑን ይገፋዋል፣ አለቀ። ኢተርናል ላይ ነገሥታት፣ መላእክት የሚመስሉ ፍጡራን፣ የጠፉ ሥልጣኔዎች ይመጣሉ፣ ብዙው የሚብራራው ግን በየቦታው ተበትኖ በምትለቅመው ረጅም ጽሑፍ ነው። ካላነበብክ ማን ማን እንደሆነ አይገባህም። ካነበብክ ደግሞ ውጊያውን አቋርጠህ ነው።

የማታ_ተጫዋች፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ቀይ_ጥይት እንዳልከው መጋዙን ነዳጁ በሞላ ቁጥር ማውጣት ጀመርኩ፣ እና ጌሙ ተቀየረብኝ! ጥይት አሁንም ያልቃል፣ ግን አያስደነግጠኝም። ሱፐር ሾትገኑንም አገኘሁት። በመንጠቆው ካኮዲመን ላይ ተሰክቼ ከመሬት እሳት ያመለጥኩበት ጊዜ ጌሙ ምን እንደሚፈልግ ያን ጊዜ ነው የታየኝ።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። በኮንትሮለር ነው የምጫወተው፣ መሣሪያ መቀያየሩ ይከብደኛል። ደግሞ አልትራ ቫዮለንስ የሚባለው የክብደት ደረጃ ላይ ነኝ፣ ልቀንሰው ወይስ ልታገል?

ሰማያዊ_በር፦

በኮንትሮለር ይቻላል። የመሣሪያውን መምረጫ ክብ ተጭነህ ስትይዘው ጊዜው ይዘገያል፣ ስለዚህ በእርጋታ ምረጥ፣ ማንም አያባርርህም። አንዴ ነካ አድርገህ ስትለቀው ደግሞ ቀድሞ ወደያዝከው መሣሪያ ይመልስሃል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት የሚደጋገፉ መሣሪያዎችን ጥንድ አድርገህ ያዝ። አሁን ሱፐር ሾትገኑን ከቦምብ ከሚተኩሰው ተራ ሾትገን ጋር አጣምረው፣ ባሊስታን ስታገኝ ጥንዱን ቀይር። በማውስና ኪቦርድ የምትጫወቱ ደግሞ ቁጥሮቹን ትታችሁ ለጣት የሚቀርቡ ፊደሎች ላይ መድቧቸው።

ደረጃውን በተመለከተ በፈለግከው ሰዓት ከሜኑው መቀየር ትችላለህ፣ ከመጀመሪያው አያስጀምርህም። ቀለል ወዳለው ኸርት ሚ ፕሌንቲ ማውረድ ምንም ነውር የለውም፣ የምትማረው ያው ነው፣ የሚመጣብህ ምት ብቻ ይቀንሳል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግመህ ከሞትክ ራሱ ጌሙ ምት የሚቀንስ ሰንቲኔል አርመር ያቀርብልሃል፣ መውሰድ አለመውሰድ የአንተ ነው።

እና አሁኑኑ ሴቲንግ ውስጥ ግባና የመማሪያ ጽሑፎቹን አጥፋቸው። መሠረቱን ይዘሃል። ቀጣዩ ሚሽን ዱም ሀንተር ቤዝ ላይ የሚመጣውን ማንም ሳይነግርህ ራስህ ፍታው።

ቀይ_ጥይት፦

አጥፋው፣ አዎ። ዱም ሀንተሩ ጋሻውን ሲያነሣ ግን የፕላዝማ ጥይትህን ቆጥበህ ግባ፣ ከዚህ በላይ አልነግርህም።