በጥቅል የሚከፈለው ሞተረኛ ሠራተኛ ነው ወይስ ነጋዴ? ማኅበር ስለ ማቋቋም ከጅማ የቀረበ ጥያቄ

ሞተረኛው (ኮጪ፣ ጅማ)

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚላኩ ጥቅሎችን ከመናኸሪያ እየተረከብን በከተማው ውስጥ ለየባለቤቶቻቸው የምናደርስ 14 ሞተረኞች ነን። የምንሠራለት ድርጅት «አጋሮቼ» ይለናል እንጂ «ሠራተኞቼ» ብሎን አያውቅም። ሞተሩ የራሳችን ነው፤ ቤንዚኑን፣ ጎማውንና የፍሬን ሸራውን የምንችለውም እኛው ነን፤ ማደያ ቤንዚን በማይኖርበት ሳምንት ደግሞ በሃይላንድ የሚሸጠውን በውድ ዋጋ እንገዛለን። ክፍያው የሚታሰበው በደረሰ ጥቅል ብቻ ሲሆን፣ ፈረንጅ አራዳ ለሚደርሰውም ሆነ የጅሬንን ዳገት ወጥቶ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ለሚደርሰው ልዩነት የለውም።

አውቶቡስ ሲዘገይ መናኸሪያ ቆመን የምንጠብቅበት ሁለትና ሦስት ሰዓት በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ተቀባዩ ስልኩን ባያነሳ፣ ወይም «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ሰማያዊው በር» በሚል ምልክት ብቻ ስንዞር ብንውል፣ ጥቅሉ ካልተረከበ ሳንቲም የለም። ዕቃው ዝናብ ካገኘው ደግሞ፣ የጅማን ዝናብ ለምታውቁ መንገር አያስፈልገኝም፣ ሙሉ ዋጋው ከእኛ ላይ ይቆረጣል። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባችን ጫማ የያዘ ካርቶን ረጥቦበት የሁለት ሳምንት ገቢው በአንድ ቀን አልቋል።

ከመካከላችን ስድስቱ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ይላሉ፤ አራቱ ሥራ እናጣለን ብለው ይፈራሉ፤ እኔን ጨምሮ አራታችን እናመነታለን። ማኅበር ማቋቋም እንችላለን ወይ? ብናቋቁምስ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን ቢሆን ይሻላል?

የቀድሞ ሊቀመንበር

ወንድሜ፣ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ለስድስት ዓመት የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኜ ስለ ሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ። የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተረጋገጠ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይደነግጋል፤ ነገር ግን የአባላቱ ቁጥር ራሱ ከ10 ማነስ የለበትም። ስለዚህ ስድስቱ ብቻቸውን አይበቁም፤ ጉዳዩ ያለው በምታመነቱት በእናንተ በአራታችሁ እጅ ነው።

ስለ ጥያቄዎቹ ግን የራሴን ስህተት ባትደግሙት እወዳለሁ። እኛ በመጀመሪያው ድርድር 11 ጥያቄዎች ደርድረን ገባን፤ አሠሪው ሳሙናና ቦት ጫማ ወዲያውኑ ፈቀደልንና ትልልቆቹን «በሂደት የሚታይ» ብሎ አሳደራቸው፤ እኛም ቦት ጫማችንን ተጫምተን ደስ ብሎን ወጣን። እናንተ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ፤ የመጠባበቂያው ሰዓት እንዲከፈልና የዕቃ ጉዳት ቅጣት ሥርዓት እንዲበጅለት። በአዋጁ መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው በሚፈራረሙት ውል)፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። የባልደረባችሁ የሁለት ሳምንት ገቢ በአንድ ቀን መቆረጡ በዚህ ሚዛን ሲታይ ከልክ ያለፈ ነው። የሥራ ማቆምን ነገር አሁን አታንሱት፤ እሱ የ10 ቀን ቅድመ ማስታወቂያና የራሱ የድምፅ አሰጣጥ ሥርዓት ያለው የመጨረሻ መንገድ ነው።

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ (የጅማው መርካቶ)

እኔ በሌላኛው ወገን ያለሁ ሰው ነኝና ቅር አይበላችሁ። ሱቅ አለኝ፤ ዕቃዬን የሚያደርሱልኝ ሁለት ልጆችም አሉ። ደንበኛ ዛሬ አንድ ቀሚስ ሲገዛ የማድረሻውን ዋጋ ጨምሬ ብነግረው «መጥቼ እወስዳለሁ» ብሎ ይቀራል። እንዲህ በቀጠነ ትርፍ ላይ የወር ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ከአሠሪው የሚጠበቀው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲጨመርበት ድርጅቱ 14ቱን ይዞ ይቀጥላል ብዬ አላምንም፤ ሰባቱን ቀጥሮ ሰባቱን ያሰናብታል።

ሌላም ስጋት አለኝ። ጫኝና አውራጆች ተደራጅተናል እያሉ እኛው ራሳችን ያወረድነውን ጣቃ «ክፈሉበት» ሲሉን የኖርን ሰዎች ነን። ማኅበር የሚለው ቃል በብዙ ነጋዴ ጆሮ ውስጥ ይህንኑ ነው የሚያስታውሰው። ደግሞም አሠሪው «በማኅበር ምክንያት አባረርኩህ» አይልም፤ ስልክ መደወል ያቆማል፣ ያኔ ማንን ትከሳላችሁ?

የሕግ ባለሙያ

ሁለቱም አስተያየቶች ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም ሁለታችሁም አንድ ደረጃ ዘላችኋል። በመጀመሪያ መፈታት ያለበት እነዚህ ሰዎች በሕግ ዓይን ሠራተኞች ናቸው ወይ የሚለው ነው። አዋጁ የሥራ ውል ተመሠረተ የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ሥር ለመሥራት ሲስማማ ነው፤ ይህም ለተወሰነ ሥራ የሚደረገውን ስምምነት ይጨምራል፤ ስለዚህ በጥቅል መከፈሉ ብቻውን ሞተረኛውን ነጋዴ አያደርገውም። በሌላ በኩል በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አዋጁ ከሽፋኑ ውጭ ያደርገዋል። «አጋር» የሚለው ስም የተመረጠውም ነገሩን ወደዚህኛው ለመውሰድ ነው። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ ግን የሠራተኛውን መብት አያስቀርም።

ይህ ክርክር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የዩፒኤስ ጥቅል አድራሾች የድርጅቱ ሠራተኞች መሆናቸው አከራካሪ ስላልሆነ፣ በቲምስተርስ ማኅበር የታቀፉ ወደ 340,000 የሚጠጉ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2023 ተደራድረው ለትርፍ ጊዜ ሠራተኞች ቢያንስ የ21 ዶላር የሰዓት ክፍያን፣ በእረፍት ቀን ተገዶ መሥራት እንዲቀርና አዲስ በሚገዙ የማድረሻ መኪኖች ውስጥ ማቀዝቀዣ እንዲገጠም አስፈቅደዋል። የአማዞንን ጥቅል የሚያደርሱት ብዙዎቹ ሾፌሮች ግን በመካከል ባሉ ተቋራጮች የተቀጠሩ በመሆናቸው አማዞን «የእኔ ሠራተኞች አይደሉም» ይላል፤ የአማዞን ልብስ ለብሰው፣ የአማዞንን ጥቅል ይዘው፣ የሚደራደራቸው አጥተው ይቸገራሉ።

በእንግሊዝ ደግሞ ሁለት ውሳኔዎችን አነጻጽሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የኡበር ሾፌሮች በሥራ ሕጉ የሚጠበቁ ሠራተኞች ናቸው ብሎ ወሰነ። በኅዳር 2023 ግን የዴሊቨሩ ምግብ አድራሾች በማኅበራቸው አማካይነት ድርጅቱን ለድርድር ማስገደድ እንደማይችሉ ወሰነ፤ ከዋና ምክንያቶቹም አንዱ አድራሹ በእሱ ምትክ ሌላ ሰው መላክ መቻሉ ነበር። እነዚህ ፍርዶች የጅማን ፍርድ ቤት አያስገድዱም፤ ነገር ግን ዳኛ ምን ምን እንደሚመዝን ያሳያሉ። ስለዚህ ጠያቂውን ልጠይቅዎት፦ በምትክዎ ሌላ ሰው መላክ ይችላሉ? ጥቅል አልወስድም ማለትስ? ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው?

ሞተረኛው (ኮጪ፣ ጅማ)

ዋጋውን የሚወስነው ድርጅቱ ነው፤ ሲቀንሰውም አንጠየቅም፣ በስልክ መልእክት ይነገረናል። ጥቅል አልወስድም ያለ ሰው በማግስቱ የሚደወልለት ከሁሉም በኋላ ነው።

ስለ ምትክ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን አስደንግጦኛል፤ ምክንያቱም በእኔ ላይ የደረሰ ነገር አለ። ባለፈው ክረምት ወባ ይዞኝ ተኛሁና ታናሽ ወንድሜን፣ መንጃ ፈቃድ ያለውን፣ በእኔው ሞተር ላክሁት። ልጁ ሁሉንም ጥቅል በሰላም አድርሶ፣ ገንዘቡንም ሳያጎድል አስረክቦ ተመለሰ። ድርጅቱ ግን «የማናውቀው ሰው በእኛ ስም ደንበኛ ቤት ገባ» ብሎ ለሦስት ቀን አገደኝ። ያን ጊዜ ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ ጠይቄ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በእውነት ነጋዴ ብሆን ኖሮ ወንድሜን ለመላክ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ ባላስፈለገኝ ነበር።

የሕግ ባለሙያ

እግዱን የነገሩዎት በስልክ መልእክት ከሆነ መልእክቱን አያጥፉት። በሙሉ የክርክሩ መዝገብ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ማስረጃ ላይኖርዎት ይችላል። አጋሩን የሚያግድ አጋር የለም።

አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር፤ ለሞተረኛ ከክፍያውም ይልቅ የሚከብደው አደጋ ነው። ሠራተኛ መሆናችሁ ከተረጋገጠ፣ በአሠሪው ትእዛዝ ስትጓዙ ለሚደርስባችሁ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ይሆናል። በዝናብ ጊዜ በከተማው አስፋልት ላይ ሞተር የነዳ ሰው የዚህን ክብደት አያጣውም።

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ (የጅማው መርካቶ)

የወንድሙን ታሪክ ሳነብ የእኔንም ልጆች አሰብሁ፤ እኔም ምትክ አልቀበልም፣ ምክንያቱም ገንዘቤን የሚቀበለውን ሰው ማወቅ አለብኝ። ታዲያ እኔም አሠሪ ነኝ ማለት ነው? ይሁን። ነገር ግን ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው የሠራተኛን ግዴታም ይቀበል፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይገኝ፣ የእኔን ጥቅል ይዞ የሌላ ድርጅት ሥራ አይደርብበት። እነዚህ 14 ሰዎች ሁሉ ለአንዱ ድርጅት ብቻ ነው የሚሠሩት?

ሞተረኛው (ኮጪ፣ ጅማ)

አይደለም፤ ሁለቱ ለሌላ ድርጅትም ያደርሳሉ። ሲቀነሱ 12 እንሆናለን።

የሕግ ባለሙያ

መቀነሳቸው ግድ አይመስለኝም። በእኔ አስተያየት ለሁለት ድርጅት መሥራት ብቻውን ሰውን ነጋዴ አያደርገውም፤ የሚመዘነው በእያንዳንዱ ሥራ ላይ የሚያዝዘውና የሚቀጣው ማን እንደሆነ ነው። ነጋዴዋ ስለ ሰዓት ያነሱት ግን ትክክል ነው፤ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ተብሎ ሲወሰን ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ በኅብረት ስምምነት ውስጥ በግልጽ መስፈር የሚገባውም ለዚህ ነው።

የቀድሞ ሊቀመንበር

እመቤቴ «ስልክ መደወል ያቆማል» ያሉት በእኛም ላይ በሌላ መልኩ ደርሷል፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት ያለ ምንም ደብዳቤ ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛወሩ። አዋጁ የማኅበር አባልነት ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል፤ ይህን ለማስረዳት ግን ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ ደብተር ያዙ፦ መናኸሪያ የደረሳችሁበትን ሰዓት፣ አውቶቡሱ የገባበትን፣ የተደወለላችሁን ስልክ፣ የተሰጣችሁን ጥቅል ብዛትና የተቆረጠባችሁን ገንዘብ ጻፉ። ያልተከፈለ ክፍያ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና «ቆይቶ ይታያል» አትበሉ። ዕቁብ ካላችሁ ሰብሳቢውን አማክሩት፤ የሰው ገንዘብ ሳያጎድል የያዘ ሰው ለገንዘብ ያዥነት አይታማም።

ሞተረኛው (ኮጪ፣ ጅማ)

ዕቁብ አለን፤ ሰብሳቢው ከሚፈሩት ከአራቱ አንዱ ነው። ደብተሩን ከሰኞ ጀምሮ ሰባታችን ይዘናል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ በድምሩ 16 ሰዓት ያህል ያለ ክፍያ መናኸሪያ ቆመን እንደዋልን ተጽፏል፤ ቁጥሩን ያዩ ሁለት የሚያመነቱ ባልደረቦቻችን ወዲያውኑ ስማቸውን አስመዝግበዋል። እኔን ጨምሮ ለጊዜው ዘጠኝ ነን። አሥረኛው ሊሆን የሚችለው ለሁለት ድርጅት ከሚያደርሱት አንዱ ሲሆን፣ የሕግ ባለሙያው የጻፉትን ነገ ማታ ላነብለት ተቀጣጥረናል።