ባትሪው አንድ ሰዓት ብቻ ቢቀረው የትኛውን ጨዋታ ትከፍታላችሁ?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ሳለ፣ አንደኛው በስልኩ የዘመናት ምርጥ የሚባሉ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ዝርዝር ከፍቶ ያነብልን ጀመር። ስም በተጠራ ቁጥር «እሱስ ይገባዋል»፣ «ይኸኛው እንኳ በዝቶበታል» እያልን እንደ ዳኛ ስንፈርድ ቆየን። ኋላ ግን ራሴን ታዘብሁት፤ ካወደስኋቸው ጨዋታዎች እኩሌታውን በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ያወደስኋቸው ሰው ሲያወድሳቸው ስለሰማሁ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥሁት። ክረምት ነው እንበል፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ የላፕቶፑም ሆነ የስልኩ ባትሪ ከአንድ ሰዓት በላይ አያቆይም። በዚያች አንድ ሰዓት የትኛውን ጨዋታ ትከፍታላችሁ? ሁሉም ለጊዜው ዝም አሉ፤ መልሱ ሲመጣም ከዝርዝሩ አናት ላይ ከነበሩት አንዱን እንኳ የጠራ አልነበረም።

የእኔ መልስ ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን የሚደረድሩበት ቴትሪስ ነው፤ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ ብሪክ ጌም የምንላትን ግራጫ መጫወቻ አመጣችልኝ፤ ሁለት የባትሪ ድንጋይ የምትበላ ነበረች። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ አልፎ አልፎም ነክሼ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ዕድሜ እጨምርላቸዋለሁ። ያች አሥር ደቂቃ እየተመናመነች መሆኗን እያወቅሁ ቀጥ ያለችው ዱላ እስክትወርድ መጠበቅን የመሰለ ጭንቀት በሌላ ጨዋታ አግኝቼ አላውቅም። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ ሲሠራው የነበረው ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት ስለማይችል፣ ጡቦቹን ያበጃቸው በቅንፍ ምልክቶች ነበር። ከአራት አራት ካሬ የተሠሩ ሰባት ቅርጾች ብቻ ናቸው፤ እስከ ዛሬ የሚጨመርም የሚቀነስም አልተገኘላቸውም ባይ ነኝ።

ድንቅ ሥራ ስል እንከን የሌለው ማለቴ አይደለም። ለእናንተ ተብሎ የተሠራ የሚመስለውን አንዱን ብቻ ንገሩኝ፤ የት ሆናችሁ እንደተጫወታችሁትም ጨምሩበት። እባካችሁ ዝርዝር አትላኩልኝ።


የሐረጎ ጉም (ኮምቦልቻ)

ውድ ጠያቂ፣ መጨረሻውን ስለምናገር ጨዋታውን ያልጨረሱትን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእኔው «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ» ነው። ፉሚቶ ዩዌዳ የተባለ ጃፓናዊ ከባልደረቦቹ ጋር ለፕሌይስቴሽን 2 ያዘጋጀው ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ዋንደር የተባለ ወጣት የአንዲት ልጃገረድን አስከሬን በፈረስ ጭኖ ወደ ተከለከለ ምድር ይገባል፤ እሷን ከሞት ለማስነሣት 16 ግዙፍ ፍጡራንን እንዲገድል ከላይ በሚመጣ ድምፅ ይታዘዛል። በዚያ ሁሉ ስፋት ውስጥ ከ16ቱ በቀር የሚዋጉት ጠላት የለም፤ መንደር የለም፤ ገበያ የለም፤ የሚያዋራ ሰው የለም። ፀሐይ ላይ ሰይፉን ከፍ ሲያደርጉት ብርሃኑ ወደሚቀጥለው ግዙፍ ይጠቁማል፤ ከዚያ ፈረስ መጋለብ ብቻ ነው።

የተጫወትኩት በሰዓት በሚከፈልበት ጌም ቤት ነበር። ኳስ የለመዱት ልጆች «ፈረስ ብቻ የሚያስጋልብ» ብለው ዲስኩን ጥግ ጥለውት ነበር። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር ከታች የሚጻፈውን ማንበብ አልችልም፤ የሚነገረውን ቋንቋ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ጃፓንኛ ነው ይለኛል፣ አንዱ ደንበኛ ሩስኛ ነው ብሎ ይምላል። ከዓመታት በኋላ ነው ቋንቋው ለጨዋታው ሲባል የተፈጠረ፣ በዓለም ላይ ማንም የማይናገረው መሆኑን ያወቅኩት። ያን ጊዜ ቋንቋ ባለማወቄ ብዙ የቀረብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጆሮዬ ከማንም እኩል ነበር።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው 13ኛውን ነው። ከበረሃው አሸዋ ውስጥ ወጥቶ በሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ፣ እንደ እባብ የረዘመ፣ ክንፍ ያለው ፍጡር ነው። ከሆዱ ሥር ያሉትን አየር የሞሉ ከረጢቶች በቀስት ሲወጓቸው ዝቅ ይላል፤ ክንፉ አሸዋውን እየገመሰ ሲሄድ ፈረሱን ጎን ለጎን አስጋልቦ ከኮርቻው ላይ ዘሎ ክንፉን መያዝ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ይሁን እንጂ ያ ፍጡር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ አልመታኝም፤ ሊያራግፈኝ ይገላበጣል፣ ወደ አሸዋው ይጠልቃል እንጂ። በመጨረሻ ሲወድቅ የተሰማው ሙዚቃ የድል ሳይሆን የለቅሶ ነበር። ከኋላዬ ቆሞ የሚያይ፣ ገና ሰባት ዓመት የማይሞላው የባለቤቱ ልጅ፣ «ምን አድርጎህ ነው?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው የዋንደርን ፊት ልብ ብዬ ያየሁት። አንድ ግዙፍ በገደለ ቁጥር ጥቁር ነገር ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ቆዳው ይገረጣል፣ ጸጉሩ ይጠቁራል። ለውጡ በጣም አዝጋሚ ስለሆነ የሚያስተውለው የለም። ወደ 16ኛው ሲኬድ ደግሞ ድልድዩ ሲፈርስ ፈረሱ አግሮ ጌታውን ወደ ማዶ ወርውሮ ራሱ ገደል ይገባል፤ በዚያን ሰዓት ኳስ ሲጫወቱ የነበሩት ልጆች ሳይቀሩ ጨዋታቸውን አቁመው ተነሥተው ነበር።

እንከኑን አልሸሽግም፤ ካሜራው ባላሰቡት አቅጣጫ እየዞረ ያበሳጫል፤ ፈረሱም ሲፈልግ ነው የሚታዘዘው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ተሠርቶ ሥዕሉ እጅግ ጠርቷል፤ እኔ ግን የምወደው የድሮውን ደብዛዛውን ነው። ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ስወጣ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው የሚታየኝ እሱ ነው።


ሆጤ

የእኔ ከግራንድ ቴፍት ኦቶ ጨዋታዎች አንዱ የሆነው ሳን አንድሪያስ ነው፤ ሆኖም አንድም ተልእኮ እስከ መጨረሻው ፈጽሜ እንደማላውቅ መናዘዝ አለብኝ። በብስክሌት ጨዋታው ውስጥ እስካለው ቺሊያድ ተራራ አናት ድረስ ወጥቼ ቁልቁል እለቀቃለሁ፤ እግር ስብራት የለ፣ የእናት ቁጣ የለ። ከአዝዋ ገደል አፋፍ ላደገ ልጅ ይህ በቂ ነው።


ገራዶ ማሳ

ሴቶችም እንጫወታለን፤ ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላክል። የእኔው ስታርዲው ቫሊ ነው። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራሙንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ሲሠራው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የእርሻ ጨዋታ ነው። በስልኬ ጭኜዋለሁ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ጠያቂው ላሉት አንድ ሰዓት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ጨዋታው የሚጀምረው በአንድ ትልቅ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ በሚውል ሰው ነው፤ አያቱ ሲሞቱ የሰጡትን የታሸገ ደብዳቤ አንድ ቀን ሲከፍተው የእርሻ መሬታቸውን አውርሰውት ያገኛል፤ ሥራውን ትቶ ወደ ገጠር ይገባል። እኔ የመጣሁበትን መንገድ እሱ ወደ ኋላ ይሄድበታል ማለት ነው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ሰርቪስ ስጠብቅ ያን ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ቀን፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «ምን ሆነሻል?» ብላ ጠይቃኛለች።

ለእናቴ ያሳየኋት ግን ለፍርድ ነበር። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ከራቀ ቦታ ይዛ አየችውና መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በሬው የታለ?» ብላ ነው። በሬ እንደሌለ፣ ላሞቹ ለወተት ብቻ እንደሆኑ፣ መሬቱም በመቆፈሪያ እየተቆፈረ እንደሚዘራ ነገርኳት። «እንግዲያውስ ጓሮ ነው እንጂ እርሻ አይደለም» አለች። ዘሩ በአራት ቀን ሲደርስ ስታይ ደግሞ ሳቀች። ነገር ግን አንድ ወቅት 28 ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ወቅቱ ሲለወጥም ያልተሰበሰበው ሰብል ባንድ ሌሊት እንደሚደርቅ ሳሳያት ሳቋን አቆመች። የደረቀውን ማሳ አየችና «ይኼስ ያውቃል» አለች። ዝናብ በጣለ ቀን ውኃ ማጠጣት እንደማያስፈልግም ወዳዋለች። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት «ማሳሽ ዘነበለት?» ትለኛለች፤ አንዳንዴ የትኛውን ማሳ እንደምትጠይቀኝ አይለየኝም፤ የእሷን ቀድማ የምትነግረኝ በዚሁ አጋጣሚ ነውና።

የሐረጎ ጉም ስለ 13ኛው የጻፉትን አንብቤ ጨዋታውን ለመፈለግ ተነሣስቻለሁ፤ መጨረሻውን ባይነግሩን ግን ምን ነበረበት።


ሰኞ ገበያ

በጨዋነት ልቃወም። ሁላችሁም የምታወሩት ብቻችሁን ስለተጫወታችሁት ነው። እኔ የማውቀው ድንቅ ሥራ ግን ዲስኩ ላይ ብቻ ያለ አይደለም፤ ግማሹ ያለው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ፔስ 6ን ነው የምለው። የኢንተሩ አድሪያኖ የምት ኃይሉ 99 ስለነበር፣ በጌም ቤታችን ኢንተርን የመረጠ ሰው ከአጋማሽ ሜዳ እንዳይመታ በቃል ሕግ ወጥቶበት ነበር። ተሸናፊ ይከፍላል፣ ይነሣልም፤ አሸናፊ ሳይከፍል ይቀጥላል። አንድ የሸዋ በር ልጅ በአንድ ብር ገብቶ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የተቀመጠበትን ቀን ሠፈሩ እስካሁን ያነሣዋል።

እኔ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ። ኩባንያው የክለቡን ስም ለመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ቡድኔ በጨዋታው ላይ የሚጠራው «መርሲሳይድ ሬድ» ተብሎ ነበር። የማንቸስተር ደጋፊዎች ቡድናቸው በትክክለኛ ስሙ ስለነበር «ስም የለሾች» ይሉን ነበር። ታዲያ አንድ ከሰዓት ተቀምጬ፣ በጆይስቲክ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ፣ ስሙን ራሴ አስተካከልኩት፤ ሜሞሪ ካርዱ ላይም አስቀመጥኩት። በማግሥቱ አንዱ ምቀኛ ወደ ነበረበት መልሶት አገኘሁት። ይህን ጦርነት አንድ ወር ያህል ተዋግተናል። የሐረጎ ጉም ሆይ፣ እናንተ 16 ግዙፋን ገደላችሁ፤ እኔ አንድ ስም ነው ያስመለስኩት፤ ሆኖም የእኔው አይበልጥም አልልም።

ያ ቤት ዛሬ የለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከተማውን ለቀን ወጥተን ስንመለስ ቴሌቪዥኖቹም ማጫወቻዎቹም ተወስደው ነበር። አሁን ፔስ 6ን ላፕቶፔ ላይ ጭኜዋለሁ፤ አድሪያኖም እንደ ድሮው ይመታል። ብቻዬን ግን ሁለት ግጥሚያ እንኳ አልዘልቅም። ስለዚህ የጠያቂውን ጥያቄ በጥያቄ ልመልስ፤ ተጫዋቾቹ ሲበተኑ አብሮ የሚጠፋ ነገር ድንቅ ሥራ ይባላል ወይስ አይባልም?


ጦሳ ሥር (ደሴ)

ይባላል ባይ ነኝ። ዘፈንም ቢሆን ሠርግ ቤት ሲሰሙትና ብቻ ሲሰሙት አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ግን ዘፈኑ መጥፎ ነበር አንልም። ይልቁንስ እህታችን ገራዶ ማሳ የጻፈችው ከሐሳብዎ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል፤ የእርሷም ጨዋታ ግማሹ ያለው በእናቷ ስልክ ላይ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ከባትሪ ድንጋይ ጋር ብቻዬን የቀረሁት። ደግሞ ሁለት ግጥሚያ የማይዘልቁ ከሆነ ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዘው ወደ ሻይ ቤቷ ይምጡ፤ ኢንተርን ግን አልፈቅድም።


ቦሩ ሜዳ

ዘግይቼ መጣሁ፤ የእኔን በአጭሩ ልበል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 መንግሥት እየገነቡ የሚዋጉበት ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሲሆን፣ እኔ ያገኘሁት ብዙ ዘግይቼ በላፕቶፕ ነው። ለዓመታት ፍራንኮችን፣ ሞንጎሎችን፣ ብሪታኒያውያንን ሆኜ ተዋግቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ገቡበት፤ ሾተል የያዙ ወታደሮች አሏቸው፤ የዮዲት ታሪክም ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆኖ ተካትቷል። ታሪኩን እንደፈለጉ አድርገውታል ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ እኔም አንዳንዱ አልተዋጠልኝም።

ነገር ግን እነዚያ ገበሬዎችና ወታደሮች የሚመልሱት በአማርኛ ነው፤ እኔም ይህን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የከፈትኩት ማታ ቤተሰቡ በተኛበት ሰዓት፣ ድምፁን ሳልቀንስ ነው። እንጨት እንዲቆርጥ አንዱን ገበሬ ነካ ሳደርገው በአማርኛ መለሰልኝ፤ ደንግጬ ሌላውን ነካሁት፤ እሱም መለሰ። ሦስተኛውን ስነካ አባቴ ከመኝታ ክፍላቸው ሆነው፣ «አንተ! በዚህ ሌሊት እንግዳ አስገባህ እንዴ?» አሉኝ።